ፕሮሰሰሩ 5200 ይላል፣ ራሙ 6000 ይሮጣል፦ ጂስኪል ፍሌር ኤክስ5ን ተጠቅሜ ያየሁት

ኮምፒውተር ራሱ የገጣጠመ ወይም ያስገጣጠመ ሰው ይሄ ጥያቄ ሳይገጥመው አይቀርም። የፕሮሰሰሩ መረጃ ላይ «እስከ 5200 ራም» ተብሎ ተጽፏል። ሱቅ ስትገቡ ደግሞ ራሞቹ ላይ 6000፣ 6400፣ አንዳንዱማ 8000 የሚል ቁጥር ተለጥፎባቸዋል። ቁጥሩ የራሙ ፍጥነት ነው፤ በሰከንድ ስንት ሚሊዮን ጊዜ ዳታ እንደሚያስተላልፍ። ታዲያ ፕሮሰሰሩ ከሚለው በላይ የሆነ ራም መግዛት ብር መበተን ነው? ፕሮሰሰሩን ያቃጥለዋል? ወይስ ከነጭራሹ አይነሳም? መልሴን ከወዲሁ ልንገራችሁ። ይነሳል፣ ይሰራል፣ ይጠቅማልም፤ ግን ልክ አለው። ልኩን አልፋችሁ የምትከፍሉት ብር አይመለስም።

የምጽፈው ስለ አንድ ዕቃ ነው። ጂስኪል የሚባለው ኩባንያ የሚሠራው ፍሌር ኤክስ5 ራም፣ ዲዲአር5 (ከዲዲአር4 ቀጥሎ የመጣው የራም ትውልድ)፣ ፍጥነቱ 6000፣ ሲኤል (የመልስ መዘግየቱ ቁጥር፣ ሲያንስ ይሻላል) 30፣ ባለ 16 ጊጋ ሁለት፣ በድምሩ 32 ጊጋ። የገባው ቢ650 ማዘርቦርድ ላይ ነው፣ ፕሮሰሰሩ ራይዘን 5 7600 ነው። ሥራዬ ቪዲዮ ኤዲቲንግ ነው፤ ሰርግ፣ መልስ፣ ክርስትና፣ አልፎ አልፎ የሙዚቃ ክሊፕ። ማታ ማታ ጌም እጫወታለሁ። ስለዚህ ራሙን የመዘንኩት እንደ ሥራ ዕቃ ነው። ፍጥነቱን እወደዋለሁ፣ ግን የሰው ሰርግ ሁለት ጊዜ አይቀረጽም። ፋይል የሚያበላሽ ራም በነጻ ቢሰጠኝም አልፈልገውም።

መጀመሪያ 5200 የሚለው ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ እንረዳዳ። ኤኤምዲ የራይዘን 7000 ፕሮሰሰሮችን በመስከረም 2022 (እንደ ፈረንጆቹ) ሲያወጣ፣ ሁለት ራም ሲገባ እስከ 5200፣ አራት ሲገባ ደግሞ እስከ 3600 ብቻ እንደሚሄዱ ነው በይፋ ያስቀመጠው። ይሄ ቁጥር ኩባንያው ለሚሸጠው ለእያንዳንዱ ፕሮሰሰር የሚገባው ቃል ነው። ከዚያ በላይ አይሄድም ማለት አይደለም፤ ከዚያ በላይ ሲሄድ ኩባንያው አይጠየቅም ማለት ነው። ከፋብሪካው ከሚወጡት መካከል በጣም ደካማው እንኳ የሚችለው ቁጥር ስለሆነ፣ ብዙዎቹ በምቾት ያልፉታል።

ራሙም ቢሆን ሲወለድ 6000 አይደለም። ማዘርቦርዱ ላይ ሰክታችሁ ዝም ብላችሁ ስታስነሱት የሚሄደው በዲዲአር5 መደበኛ ፍጥነት ነው፤ 4800፣ በ1.1 ቮልት። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው 6000 ያለው ራሙ ውስጥ በተቀመጠ ሌላ መዝገብ ላይ ነው። ይሄን መዝገብ ኤኤምዲ ኤክስፖ ይለዋል፣ ኢንቴል ደግሞ ኤክስኤምፒ። መዝገቡን ስታበሩት ራሙ ወደ 6000 ይወጣል፣ ቮልቴጁም ወደ 1.35 ከፍ ይላል።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ጂስኪል ራሙ በ6000 እንደሚሰራ ፈትሾ ነው የሚሸጠው፣ የዕድሜ ልክ ዋስትናም ይሰጥበታል። ራሙን የሚያዘው መቆጣጠሪያ ግን የሚገኘው ፕሮሰሰሩ ውስጥ ነው። የእናንተን ፕሮሰሰር በ6000 የፈተሸው ማንም የለም። አንዱ ፕሮሰሰር 6400ን ያለ ጣጣ ይሸከማል፣ ከዚያው ሱቅ የተገዛው ወንድሙ 6000 ላይ ያቃስታል። ስለዚህ ካርቶኑ ላይ ያለውን ቁጥር ማመን የሚቻለው እስከ ግማሽ መንገድ ነው። ቀሪውን ግማሽ ራሳችሁ ትፈትሹታላችሁ፤ እንዴት እንደሚፈተሽ እመጣበታለሁ።

ከዚያ በፊት ግን አንድ የሚያናድደኝን ነገር ልናገር። ባለ 6000 ራም ገዝተው ዓመት ሙሉ በ4800 የሚጠቀሙ ሰዎች አሉ። ኤክስፖን ያበራላቸው የለም። አንድ ወዳጄ ኮምፒውተሩን ሱቅ አስገጣጥሞ፣ ለራሙ ጥሩ ብር ከፍሎ፣ ለጌም የመጣ ማሽን ተብሎ ተረክቦ ሄደ። ቤቱ ሄጄ ባየው 4800። የሁለት ደቂቃ ሥራ ነበር። የገጣጠመው ሰው እንኳን ሊያበራው፣ መኖሩንም አልነገረውም። እባካችሁ አሁኑኑ የራሳችሁን እዩ። ዊንዶውስ ላይ ታስክ ማናጀርን ክፈቱ፣ ፐርፎርማንስ ውስጥ ሜሞሪ የሚለውን ንኩ፣ ፍጥነቱ በስተቀኝ ታች ተጽፏል። 4800 ካለ ኤክስፖ አልበራም። አንዳንድ ፕሮግራም ደግሞ፣ ለምሳሌ ሲፒዩ-ዚ፣ 3000 ብሎ ያሳያችኋል። አትደንግጡ። የራሙ ትክክለኛ ምት 3000 ሜጋኸርዝ ነው፣ በአንድ ምት ሁለት ጊዜ ስለሚያስተላልፍ ነው 6000 የሚባለው።

አበራሩ ቀላል ነው። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ዲሊት የሚለውን ቁልፍ እየነካችሁ ባዮስ (የማዘርቦርዱ መሠረታዊ ማስተካከያ ፕሮግራም) ውስጥ ትገባላችሁ፣ ኤክስፖ የሚለውን ታበራላችሁ፣ ሴቭ አድርጋችሁ ትወጣላችሁ። ሁለቱ ራሞች መግባት ያለባቸው ኤ2 እና ቢ2 የተባሉት ማስገቢያዎች ላይ ነው፤ ከፕሮሰሰሩ ስትቆጥሩ ሁለተኛውና አራተኛው። ጎን ለጎን ከሰካችኋቸው ፍጥነቱ በግማሽ ይቀንሳል፣ 6000 መሆኑም ትርጉም አይኖረውም።

ከዚያ ስክሪኑ ጥቁር ይሆናል። ይሄ ብዙ ሰው ያስደነግጣል፣ ስለዚህ ቀድማችሁ እወቁት። ፕሮሰሰሩ ራሙን በአዲሱ ፍጥነት ለማወቅ ራሱን እያስተካከለ ነው። ማዘርቦርዱ ላይ ዲራም የሚል ትንሽ መብራት ይበራል፣ ማራገቢያው ይዞራል፣ ስክሪኑ ላይ ምንም የለም። ደቂቃዎች ሊወስድ ይችላል። በዚህ መሃል ተበላሸ ብላችሁ ከሶኬቱ አትንቀሉት። ቡና አፍልታችሁ ተመለሱ። ካልሆነለት ማዘርቦርዱ ራሱ ወደ 4800 ይመለሳል፣ እሱም ካልሆነ ክሊር ሲሞስ አድርጋችሁ፣ ማለትም ባዮሱን ወደ ፋብሪካው ቅንብር መልሳችሁ፣ እንደ አዲስ ትጀምራላችሁ። በዚህ ምክንያት የሞተ ዕቃ በግሌ አላየሁም።

ይሄ መስተካከል ኮምፒውተሩ ከመጥፋት በተነሳ ቁጥር ሊደጋገም ይችላል፣ እና አዲስ አበባ ላይ መብራት እንዴት እንደሚሄድና እንደሚመጣ ታውቃላችሁ። ደንበኛ ፊታችሁ ተቀምጦ ጥቁር ስክሪን መጠበቅ ደስ አይልም። ባዮስ ውስጥ ሜሞሪ ኮንቴክስት ሪስቶር የሚባል ምርጫ አለ፤ እሱ ሲበራ ኮምፒውተሩ ያለፈውን መስተካከል አስታውሶ ቶሎ ይነሳል። እኔ አብርቼዋለሁ፣ ሰላም ነኝ። አንዳንድ ማዘርቦርድ ላይ ግን ይሄ ምርጫ ራሙን ያናጋል፣ በተለይ ባዮሱ አሮጌ ከሆነ። ስለዚህ ከሁሉም በፊት ባዮሱን አሳድሱ። ዩፒኤስ ሳይኖራችሁ ግን ባዮስ እንዳትነኩ፤ ባዮስ እየታደሰ መብራት ቢጠፋ ማዘርቦርዱን ልታጡት ትችላላችሁ።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ። ከ4800 ወደ 6000 ሲኬድ ምን ይገኛል?

በወረቀት ላይ፣ ሁለት ራም በ4800 በሰከንድ 76.8 ጊጋባይት ያስተላልፋሉ፣ በ5200 ደግሞ 83.2፣ በ6000 96። ትልቅ ልዩነት ይመስላል። ነገር ግን በራይዘን 7600 ውስጥ ኮሮቹን (ስሌቱን የሚሠሩትን ክፍሎች) ከራም መቆጣጠሪያው ጋር የሚያገናኝ ኢንፊኒቲ ፋብሪክ የሚባል መስመር አለ። ይሄ መስመር በ2000 ሜጋኸርዝ ሲሄድ ኮሮቹ በሰከንድ ማንበብ የሚችሉት ቢበዛ 64 ጊጋባይት ነው። አያችሁ? ራሙ 96 ቢያፈስም ቧንቧው የሚያሳልፈው 64 ነው። 8000 ራም ገዝታችሁ ብትሰኩም ቧንቧው ያው ነው።

ታዲያ ጥቅሙ ከየት መጣ? ከመልስ አሰጣጡ። ፕሮሰሰሩ «ይሄን ዳታ አምጣ» ሲል ራሙ እስኪመልስ የሚያልፍ ጊዜ አለ፣ ሲኤል የሚባለው ቁጥር የዚህ ጊዜ አንዱ ክፍል ነው። 4800 ራም በሲኤል 40 ወደ 16.7 ናኖሰከንድ ይፈጅበታል። 6000 በሲኤል 30 ደግሞ 10 ናኖሰከንድ። ይሄ ነው ትልቁ ነገር። በተጨማሪም ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው መቆጣጠሪያ ከራሙ ጋር እኩል ስለሚራመድ እሱም ከ2400 ወደ 3000 ሜጋኸርዝ ያድጋል። 6000 የተመረጠውም ለዚህ ነው፣ ኤኤምዲም ራሱ ለራይዘን 7000 ተስማሚው ብሎ የጠቆመው ይሄንኑ ቁጥር ነው። ከ6000 ወይም ከ6400 በላይ ስትወጡ መቆጣጠሪያው እኩል መራመድ ያቅተውና በግማሽ ፍጥነት መሄድ ይጀምራል። ከዚያ በኋላ የጠፋውን ለማካካስ ብቻ በጣም ሩቅ መሄድ አለባችሁ። ለዚህ ነው 7200 ወይም 8000 ራም ለእንደዚህ ዓይነት ፕሮሰሰር አትግዙ የምለው።

እነዚህን ሁለት ቁጥሮች አንድ ላይ ማየት ልመዱ። 6000 ሲኤል 40 እና 6000 ሲኤል 30 ካርቶኑ ላይ ተመሳሳይ ይመስላሉ፤ መልስ የሚሰጡበት ጊዜ ግን 13.3 እና 10 ናኖሰከንድ ነው። ሻጮች ትልቁን ቁጥር ጮክ ብለው ይነግሯችኋል፣ ሲኤሉን ካልጠየቃችኋቸው አያነሱትም። ጠይቁ።

በተግባር ያየሁት እንዲህ ነው። ጌም ላይ ለውጡ ይታያል፣ በተለይ ፕሮሰሰሩ ላይ ጫና በሚያበዙት፣ ብዙ ሰው አንድ ካርታ ላይ በሚጋጠምባቸው ጌሞች። አማካዩ ቁጥር ትንሽ ነው የጨመረው። የሚሰማው ሌላ ቦታ ነው፤ ጌሙ ድንገት እየተንገጫገጨ የሚያልፍባቸው ቦታዎች ቀንሰዋል። ግራፊክስ ካርዳችሁ ደካማ ከሆነና ምስሉን በከፍተኛ ጥራት የምታዩ ከሆነ ግን ምንም ላታዩ ትችላላችሁ፤ ያኔ የሚያስጠብቃችሁ ካርዱ ነው። 7800ኤክስ3ዲ ያላችሁም ብዙ አትጠብቁ። እሱ 96 ሜጋባይት ካሽ (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ ትንሽና ፈጣን ሜሞሪ) ይዞ ነው የመጣው፣ የእኔው 7600 ያለው 32 ነው። ፕሮሰሰሩ የሚፈልገውን ካሹ ውስጥ ካገኘ ራሙን ብዙም አይጠይቅም።

ኤዲቲንግ ላይ ደግሞ በሐቅ ልናገር፣ ኤክስፖርት ላይ ያለው ለውጥ አይጠቀስም። ዳቪንቺ ሪዞልቭም ሆነ ፕሪሚየር የሚለምኑት የራም መጠን ነው። ዚፕ መፍታትና መጠቅለል ላይ ግን ልዩነቱ ግልጽ ነው፣ ደንበኛ ብዙ ጊጋባይት የሆነ የፎቶ ፋይል በዚፕ ሲልክልኝ አስተውየዋለሁ።

ከሁሉም በላይ የሚጠቀመው ግን ግራፊክስ ካርድ የሌለው ሰው ነው። ይሄን አስምሩበት፣ ምክንያቱም እዚህ አገር ካርድ ውድ ነው፣ ብዙ ወጣት ያለ ካርድ ነው የሚጀምረው። ራይዘን 5 8600ጂ ወይም ራይዘን 7 8700ጂ ገዝታችሁ ውስጡ ባለው ግራፊክስ የምትጫወቱ ከሆነ፣ ያ ግራፊክስ የራሱ ሜሞሪ የለውም፣ የሚጠቀመው የእናንተን ራም ነው። የእነዚህ ፕሮሰሰሮች ይፋዊ ልክም 5200 ነው። እንደ እኔ ከሆነ እዚያ ላይ ፈጣን ራም መግዛት ቅንጦት አይደለም፤ ያለችውን ብር እዚያ ላይ አውሉት።

ወደ ፍተሻው እንግባ፣ ምክንያቱም ይሄ ክፍል ከፍጥነቱ ይበልጥ ያሳስበኛል። ያልጸና ራም ሁልጊዜ ሰማያዊ ስክሪን አያመጣም። ሰማያዊ ስክሪን ቢመጣማ ጥሩ ነበር፣ ቢያንስ ታውቃላችሁ። የሚያስፈራው ዝም ብሎ የሚሳሳተው ነው። ፋይል ትገለብጣላችሁ፣ አንዲት ቢት ትዛባለች፣ ማንም አይነግራችሁም። ከወራት በኋላ ቪዲዮው መሃል ላይ አረንጓዴ መስመር ይወጣል፣ ዚፑ አልፈታ ይላል፣ ዋናው የካሜራ ካርድ ደግሞ ያኔ ሌላ ሥራ ተቀርጾበታል። በይፋዊው ፍጥነት ስትሄዱ ይሄ አደጋ በጣም ትንሽ ነው። ከይፋዊው በላይ ስትወጡ ኃላፊነቱን ከኩባንያው ትቀበላላችሁ ማለት ነው፣ ስለዚህ ሳትፈትሹ የሰው ሥራ አትጀምሩበት።

ሜምቴስት86 የሚባለው በፍላሽ የሚነሳ ነጻ ፕሮግራም ነው፤ ነጻው አራት ዙር ይፈትሻል። ማታ አስነስታችሁት ተኙ። ጠዋት አንድ ስህተት እንኳ ካለ «አንድ ብቻ ነው» ብላችሁ እንዳታልፉት፤ የሚፈቀደው ዜሮ ነው። ከዚያ ዊንዶውስ ውስጥ ቴስትሜም5 ወይም ኦሲሲቲን አሂዱ፣ ምክንያቱም ሜምቴስት የማያገኘውን እነሱ የሚያገኙበት ጊዜ አለ። የእኔው ሁሉንም በዜሮ አልፏል። የእናንተ ካላለፈ ራሙን አትወርውሩት። ፍጥነቱን ወደ 5800 ወይም 5600 አውርዱና እንደገና ፈትሹ። 5600 ላይ ብትቆሙም ከፕሮሰሰሩ ይፋዊ ቁጥር በላይ ናችሁ፣ በዓይን የሚታይ የምታጡትም ነገር የለም።

ሙቀትም ጉዳይ ነው። ዲዲአር5 ሲሞቅ መሳሳት ይጀምራል፣ በተለይ ሲኤሉ ዝቅ ያለ ከሆነ። አዲስ አበባ ላይ አየሩ ራሱ ይረዳናል። ድሬዳዋ፣ ሰመራ ወይም ገልፍ አገር ያላችሁ ግን ፍተሻውን ጠዋት በቅዝቃዜ ሳይሆን ከሰዓት በኋላ፣ ጌም ተጫውታችሁ ሳጥኑ ከሞቀ በኋላ አድርጉት። ጠዋት ያለፈ ራም ስምንት ሰዓት ላይ ሊወድቅ ይችላል። ፍሌር ኤክስ5 ቁመቱ 33 ሚሊሜትር ነው፣ አጭር ነው፣ ትልቅ የፕሮሰሰር ማቀዝቀዣ ሥር ይገባል። የሚያበራ መብራት የለውም። መብራት የሚፈልግ ሰው ይከፋው ይሆናል፣ እኔ ግን ለዚህም ወድጄዋለሁ፤ አንድ የሙቀት ምንጭ ቀነሰ።

ሌላው የደህንነት ነገር የፕሮሰሰሩ ኤስኦሲ ቮልቴጅ ነው፤ የራም መቆጣጠሪያው ያለበት ክፍል የሚያገኘው ቮልቴጅ። ኤክስፖ ስታበሩ ማዘርቦርዱ ይሄንንም ከፍ ያደርገዋል። በሚያዝያ 2023 አካባቢ አንዳንድ የ7000 ፕሮሰሰሮች፣ በተለይ 7800ኤክስ3ዲ፣ ማዘርቦርዱ ላይ ተቃጥለው ፎቷቸው ሲዞር ነበር። ከዚያ በኋላ ኤኤምዲ ቮልቴጁ ከ1.3 እንዳያልፍ በባዮስ አግዶታል። አዲስ ባዮስ ካላችሁ እግዱ አለ። ያገለገለ ማዘርቦርድ ከገዛችሁ ግን የቆየ ባዮስ ሊኖረው ስለሚችል፣ ኤክስፖን ከመንካታችሁ በፊት ማሳደስ ግዴታ ነው ብላችሁ ያዙት። ቮልቴጁን ኤችደብሊው ኢንፎ በሚባል ፕሮግራም ታዩታላችሁ። የእኔ 1.25 አካባቢ ነው የሚቆመው።

ዋስትናን በተመለከተ ኤኤምዲ ላይ ቅሬታ አለኝ። ኤክስፖን ያመጣው እሱ ነው፣ 6000 ጥሩ ነው ያለውም እሱ ነው። ነገር ግን በጽሑፉ ግርጌ ራምን ከይፋዊው ልክ በላይ ማሄድ የፕሮሰሰሩን ዋስትና እንደሚያስቀር አስፍሯል። አንድን ነገር እያስተዋወቁ በዚያው ነገር ዋስትና መንፈግ ለገዢው ተገቢ አይደለም። እኛ ጋ የፕሮሰሰር ዋስትና ብዙም ስለማይደርሰን ላይሰማን ይችላል፤ አሜሪካና አውሮፓ ያላችሁ ግን ይሄን አውቃችሁ ግቡበት።

አራት ራም ልሰካ የምትሉ፣ እባካችሁ ቆም በሉ። «አሁን ሁለት ልግዛ፣ በኋላ ሁለት እጨምራለሁ» የሚለው ሐሳብ በዲዲአር4 ጊዜ ይሰራ ነበር። እዚህ ግን ኤኤምዲ ራሱ ለአራት 3600 ነው የሚለው። አራቱን በ6000 የሚያስኬድ ሰው አለ፣ ግን እድል ነው፣ ተመሳሳይ የሚመስሉ ሁለት ጥንዶችም ውስጣቸው ያለው ቺፕ ሊለያይ ይችላል። 64 ጊጋ የምትፈልጉ ከሆነ ከመጀመሪያው ባለ 32 ሁለት ግዙ።

ያገለገለ ዴል ወይም ኤችፒ የቢሮ ዴስክቶፕ ያላችሁ፣ እናንተ ብዙ ናችሁ፣ ይሄ ሁሉ ወሬ አይመለከታችሁም። እነዚህ ማሽኖች ባዮሳቸው ውስጥ ኤክስኤምፒ የሚባል ነገር በአብዛኛው የለም። ኮር አይ5 8500 ባለው ማሽን ላይ 3200 ራም ብትሰኩ የሚሄደው በ2666 ነው። አይበላሽም፣ ግን ለፍጥነቱ ተጨማሪ አትክፈሉ። ኤች610 ማዘርቦርድ ያላችሁም እንደዚሁ፣ ራምን ከልክ በላይ ማሄድ አይፈቅድም። ራይዘን 5 5600 ከቢ550 ጋር ያላችሁ ግን ዕድለኞች ናችሁ። ይፋዊ ልኩ 3200 ነው፣ ዲዲአር4 3600 ስትሰኩለት ደግሞ በደንብ ይሸከመዋል፣ ለእሱ የሚመቸውም ያ ነው።

ዋጋ ላይ ብዙ አልቆይም፣ ምክንያቱም ከ2025 መጨረሻ ጀምሮ የራም ዋጋ በዓለም ዙሪያ እጅግ ንሯል፤ ለኤአይ የሚገነቡት የዳታ ማዕከሎች ቺፑን እየወሰዱት ነው። ዛሬ የምጽፈው ዋጋ ነገ ውሸት ይሆናል። ቅደም ተከተሉን ግን ልንገራችሁ። መጀመሪያ መጠን፣ ቀጥሎ ፍጥነት። 16 ጊጋ በ6000 እና 32 ጊጋ በ5200 ተመሳሳይ ዋጋ ከሆኑ፣ ሳታስቡ 32ቱን ውሰዱ። መጠኑ እኩል ሆኖ 5200ውና 6000ው በዋጋ ከተቀራረቡ 6000ውን። ሲኤል 30 እና ሲኤል 36 ላይ ደግሞ የዋጋው ልዩነት ትንሽ ከሆነ 30ውን፣ ብዙ ከሆነ 36ቱን ያዙ፤ 12 ናኖሰከንድ ነው፣ ምንም አይልም።

ብዙዎቻችን እንዲህ ያለ ዕቃ የምናገኘው ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ በሚመጣ ሰው ሻንጣ ነው፣ መመለስም አይታሰብም። ስለዚህ ለሚያመጣላችሁ ሰው «6000 ራም ግዛልኝ» ብቻ አትበሉት። የማዘርቦርዳችሁ ሠሪ ድረ ገጽ ላይ የተፈተሹ ራሞች ዝርዝር አለ፣ የራሙን ኮድ እዚያ ውስጥ ፈልጉና ኮዱን ፎቶ አንስታችሁ ላኩለት። ፍሌር ኤክስ5 ከሆነ ኮዱ ውስጥ 6000 እና 3038 የሚሉት ቁጥሮች ሲኖሩ ባለ 30ው ነው፤ 3636 ካለ ባለ 36ቱ ነው። ሁለቱ በአንድ ካርቶን ታሽገው መምጣት አለባቸው፣ አብረው የተፈተሹት እንደ ጥንድ ስለሆነ። ነጠላ ነጠላ ለየብቻ የተገዙ ሁለት ራሞች ተመሳሳይ ጽሑፍ ቢኖራቸውም ጥንድ አይደሉም። ሰውየው ከመሳፈሩ በፊት የካርቶኑን ጀርባ በቴሌግራም ይላክላችሁ፤ እዚያው ሱቅ ቆሞ ሳለ መለወጥ ይቻላል፣ ቦሌ ከደረሰ በኋላ ግን አይቻልም።